እንደ ዘቢባ ድስት

ሞተር ሳሎን ውስጥ ሲጋደም ከእንግዳ የባሰ ነው። እንግዳ ቢያንስ አድሮ ይሄዳል። የእኛው ግን ከሚኒባሳችን ሆድ ወጥቶ ቤታችን ከገባ ጀምሮ የመሄድ አሳብ ያለው አይመስልም። ባለቤቴ ዘቢባ ምንጣፏን ጠቅልላ አልጋ ሥር ከታለች፣ መጋረጃዋን አውርዳለች። እኔና ልጄ ሬድዋን ደግሞ ሞተሩን በአሮጌ የአልጋ ብረት ላይ አስተኝተን፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ እጃችን እስከ ክርናችን ጠቁሮ እንውላለን።

«ቤቴን ጋራዥ አደረጋችሁት» ትላለች ዘቢባ በየጠዋቱ። ትላለች እንጂ አትቆጣም። ብትቆጣ ደስ ባለኝ። ዘቢባን የማውቃት ጭቃ የነካው ጫማ ደጃፏን ሲያልፍ ስትጮህ ነው፤ አሁን ግን የሞተር ዘይት ሲሚንቶዋ ላይ ሲንጠባጠብ ዝም ብላ ጎንበስ ትልና በጨርቅ ትጠርገዋለች። ለምን እንደማትቆጣ ሦስታችንም እናውቃለን። ይህ ሞተር ከተነሳ ሬድዋን ይቀራል። ካልተነሳ ይሄዳል።

ወዴት እንደሚሄድ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ አላህ ካለ ሳዑዲ። የሰፈራችን ልጅ ታምራት ደላላ አግኝቷል፤ ከወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ገበያ በኋላ አብረውት የሚወጡ ልጆች አሉ። ሬድዋን አልደበቀንም። እራት ላይ ጉርሱን በእጁ እንደያዘ፣ «መኪናው ካለ ምን ያስኬደኛል? ከሌለ ግን በዚህ ዕድሜዬ የእናንተን ገበታ እየጠበቅሁ አልኖርም» አለን። ዘቢባ ያን ቀን እራቷን አልጨረሰችም።

እሷን የሚያስፈራት ሩቅ አይደለም፣ አጥሩን ተሻግሮ ነው ያለው። የጎረቤታችን የዝናሽ ልጅ ካሳሁን በዚያው መንገድ ሄዷል። መጨረሻ የደወለላት ባሕሩ ዳር ሆኖ ነው፤ «እማዬ፣ ማታ እንሻገራለን» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደወለላትም። ዝናሽ እስከ ዛሬ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ መቅበር ነው ትላለች። ስልኳን ከእጇ ሳትለይ በየቀኑ እኛ ቤት ብቅ ትላለች፣ ሞተሩን ታየዋለች፣ «ጋሼ ሐሰን፣ ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች። በሽተኛ እንደምትጠይቅ ነው የምትጠይቀው።

በሽታው ከምን እንደመጣ ልናገር። ናፍጣ በውሃ ጠርሙስ በሚሸጥበት በዚህ ዘመን የእኛ አገር ሹፌር ሁሉ አንድ ዘዴ አለው። ከነፋስ መውጫ ተነስተህ የጉናን ትከሻ እስክትወጣ ሞተሩን ታስጮኸዋለህ። ጫፉ ላይ ስትደርስ ማርሹን ነፃ፣ እኛ ፎሌ የምንለው፣ ታደርግና ሞተሩን ጥርቅም አድርገህ አጥፍተህ በቁልቁለቱ ትንሸራተታለህ። ተሳፋሪው ዝም ይላል፣ የጎማው ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ፍሬኑ እግርህ ሥር ድንጋይ ይሆናል፣ አንተ ግን ጠብታ ናፍጣ አላቃጠልክምና ደስ ይልሃል።

ድሮ የነዳኋቸው መኪኖች ይህን ይችሉት ነበር። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አይችልም። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ ጎን የሚንጠለጠል፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ብረት ነው። በጭሱ ግፊት እየዞረ ለሞተሩ አየር ይግተዋል፤ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጭኖ ጉናን የሚወጣው በእሱ ጉልበት ነው። ዳገት ላይ እንደ ከሰል ይግላል። የሚያበርደው በቀጭን ቱቦ የሚመጣለት የሞተር ዘይት ነው። ሞተሩን ድንገት ስታጠፋበት ዘይቱ ይቆማል፣ እዚያው ያርራል፣ ቱቦውን ይደፍነዋል። በአንድ ቀን አይታወቅም። ሬድዋን ሚኒባሳችንን እየነዳ ብዙ ወር በፎሌ ከወረደ በኋላ አንድ ከሰዓት ገሳይ መግቢያ ላይ ቱርቦው ፈነዳ፣ ስባሪውንም ሞተሩ ዋጠው።

ደብረ ታቦር ጋራዥ የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ነበረ። ባለቤቱ መንገዱ ሲከፋ ዘግቶ ሄደ። የቀሩት ጎማ ይለጥፋሉ፣ ዘይት ይቀይራሉ፤ ቱርቦ ስትላቸው የጅን ስም የጠራህባቸው ይመስል ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ሞተሩን ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን፣ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመን፣ በሰንሰለት አውጥተን ወደ ቤት አስገባነው።

ምክሩ የሚመጣልን ከባሕር ዳር ነው። ሙሐዲን የወጣትነት ጓደኛዬ ነው፤ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ረዳቶች ነበርን፣ እኔ ሹፌር ሆንኩ፣ እሱ መካኒክ። መንገዱ ደህና ቢሆን ራሱ መጥቶ ይሠራልን ነበር። መንገዱ ግን ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። ኢንተርኔትም ስለሌለ ሌላው ዓለም እንደሚያደርገው ቪዲዮ አይቶ መሥራት የለም። ሙሐዲን በስልክ ይናገራል፣ የእኛ እጅ ዘይት ስለሆነ ዘቢባ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ትይዝልናለች፣ እኛ እንሠራለን። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ሦስታችንም ባለንበት ደርቀን እንጠብቃለን።

«ስማኝ ሐሰን» አለኝ የመጀመሪያው ቀን። «ቱርቦ የሰበረ ሞተር፣ ቱርቦ ብቻ ቀይረህ አታስነሳውም። ስባሪው የት እንደተሸሸገ አታውቅም። የአየሩን ቱቦ ሁሉ ፍታ። ደጋግመህ እጠብ። ዘይት የሚወስደውን ቀጭን ቱቦ ግን አሮጌውን ጣልና አዲስ ግጠም።»

«አዲሱን ከየት አባቴ ላምጣው?»

«እንግዲያ ሽቦ አስገብተህ ጥረገው፣ ምን ልበልህ።»

ስልክ ላይ ምክር ቀላል ነው፤ እንዲህ እያልኩ አጉረመረምኩ። ሙሐዲን ግን ትዕግሥተኛ ነው። የቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቡሎን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ እያጠበቃችሁ አለን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አለን። ከማስነሳታችሁ በፊት ቱርቦውን በእጃችሁ ዘይት አጠጡት፣ ደርቆ እንዳይነሳ አለን። «መገጣጠሚያው ላይ የሚቀባውን ሲሊኮን ደግሞ እንደ ቅቤ አትለቅልቁት። የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባና የዘይቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሬድዋን፣ አባትህን ጠብቀው፣ እጁ ከባድ ነው» ሲል ልጄ ከት ብሎ ሳቀ።

«ከሁሉ በላይ ግን ንጽሕና» አለ ሙሐዲን። «የቱርቦው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ብነግራችሁ አታምኑኝም። የአሸዋ ቅንጣት አይምርም። እያንዳንዱ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት ማብራት አለበት። እንደ ምን ልበላችሁ... እንደ ዘቢባ ድስት!»

ዘቢባ ስልኩን እንደያዘች ሳቀች። ጥርሷን ካየሁ ሰንብቻለሁ። ሙሐዲን ብዙ ዘመን እኛ ቤት የበላ ሰው ስለሆነ ድስቷን ያውቀዋል። በሰፈሩም የታወቀ ነው። ጓሮ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አላት፤ እዚያ ቁጭ ትልና የምድጃዋን አመድ በቃጫ እየያዘች፣ ድስቱ ፊቷን እስኪያሳያት ትፈትገዋለች። ሰርግ ያለበት ሁሉ ድስት የሚዋሰው ከእሷ ነው።

መለዋወጫው ሲመጣ ሌላ ጉድ ሆነ። ሙሐዲን ፋሻ የምንለውን አዲስ የፒስተን ቀለበት፣ ከሌላ መኪና የወረደ የቱርቦ ዘንግ ከነኩሽኔታው አግኝቶ ሰልማ ለምትባል የአንበሳሜ ነጋዴ ሰጣት። ሰልማም በየፍተሻው እንዳትጠየቅ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀብራ አመጣችው። ጥቅሉን ስንፈታው እኔ፣ ሬድዋንና ዝናሽ ተራ በተራ አስነጠስን። «ይማርሽ፣ ይማርህ» ስንባባል ዘቢባ «ይህስ ሞተር ሳይሆን ዶሮ ወጥ ነው» አለች። እንዲህ ያሉ ቀናት ነበሩ፤ እንዳልነበሩ ማድረግ አልችልም።

ሬድዋን እጅ አለው። ይህን ሳላውቅ ነው ያሳደግኩት። ፋሻውን በፒስተኑ ላይ ሲያጠልቅ፣ ክፍተቶቹን በተለያየ አቅጣጫ ሲያዞራቸው፣ መንዙማ በአፍንጫው እያዜመ ቡሎኑን በጣቱ ሲያስገባ አየዋለሁ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ተቀምጬ አቀብለዋለሁ። ካቻቢቴ ሲለኝ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ ሲለኝ ኩሽኔታ። ሹፌር አባት ለልጁ ሁልጊዜ መንገደኛ ነው፤ ሬድዋን ሲያድግ እኔ ጎንደርና ወልዲያ ነበርኩ። እዚያ አልጋ ብረት ላይ ጎንበስ ብለን የተጫወትነውን ያህል ዕድሜ ልካችንን አልተጫወትንም። አንድ ቀን «አባ፣ ይህ ከተነሳ እዚሁ ደጃችን ላይ የቱርቦ ሥራ ብንጀምርስ? ሰው ሁሉ በፎሌ እያቃጠለው ነው» አለኝ። ልቤ ዘለለች። እንዳይታወቅብኝ ብዬ «ቡሎኑን አጥብቅ» አልኩት።

ጁምዓ ዕለት ነው ነገሩ የሆነው። ሊገጠሙ የቀሩት ዕቃዎች መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ሁለቱ የቱርቦ ቅርፊቶች፣ ዘንጉ የሚቀመጥበት መሃሉ፣ የዘይቱ ቀጭን ቱቦ፣ የዘይቱ መያዣ ትሪ። ማጠቢያ ነጭ ጋዝ ጠፍቶ ያለችን ከጠርሙስ ወገብ በታች ነበረች። ከሶላት ስንመለስ በቁጠባ እናጥበዋለን ብለን ወጣን።

ስንመለስ ሁሉም ነጭ አንሶላ ላይ ተደርድሮ ያበራል። ያበራል ስል የእውነት ያበራል። ጥቀርሻ የነበረው የቱርቦ ቅርፊት የቤታችንን መስኮት ያሳያል። ዘቢባ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ጣቶቿ ተልጠዋል። «ሙሐዲን ካለው ደርሷል?» አለችን፣ አንዴ እኔን አንዴ ልጇን እያየች።

ሬድዋን ተንደርድሮ ሄዶ ግንባሯን ሳማት። እኔም «ዘቢባ፣ አንቺስ ባሕር ዳር ጋራዥ ክፈቺ» አልኳት። በምን አጠብሽው ብዬ አልጠየቅኩም። የነጭ ጋዟ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ እንደተውናት ነበረች፣ አልጎደለችም። ዓይኔ አይቷታል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ገጠምነው። ሲሊኮኑን ስቀባ ሬድዋን «አባ፣ አበዙት፣ ይጥረጉት» አለኝ፤ እያጉረመረምኩ ጠረግኩት። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ተጠራርቶ ሞተሩን ወደ መኪናው መለሰልን። ረቡዕ ረፋድ ላይ ቱርቦውን ዘይት አጠጣነው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ሳናስነሳ አዞርነው። ከዚያ ሬድዋን «ቢስሚላህ» ብሎ ቁልፉን ጠመዘዘ።

መጀመሪያ አስነጠሰ። ከዚያ ነጭ ጭስ ተፋ። ከዚያ ያዘ። ያንን ድምፅ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ሹፌር የሆነ ያውቀዋል። ዝናሽ እልል አለች፣ ስንት ጊዜ ዝም ያለ ጉሮሮዋ ተሰነጠቀ። ዘቢባ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ዝርግት ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ወደ ሞተሩ አስጠጊኝ ዘቢባ፣ ልስማው» አለ ሙሐዲን በስልኩ። አስጠጋችው። «አልሀምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነው። ቀስ ብላችሁ ግን። ዳገት ጨርሳችሁ ወዲያው አታጥፉት፣ ትንሽ ቆሞ ይተንፍስ።»

ሬድዋን እዚያው ከመሪው ሳይወርድ ለታምራት ደወለለት። «እኔን አትቁጠረኝ፣ ቀርቻለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በጋፋት በኩል ባለው መንገድ እየነዳ ሄዶ ተመለሰ፤ ምንም አልሆነ። ከሰዓት በኋላ ዘቢባ ሳሎኑን አጥባ ምንጣፏን አነጠፈች፣ መጋረጃዋን ሰቀለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ብገባ ጮኸችብኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በማግስቱ ዳገት እንሞክረው ብለን እኔና ሬድዋን ወደ ገሳይ ወጣን። ተሳፋሪ አልጫንም። በየአውድማው ገብስ ይወቃል፣ ገለባው በነፋሱ መንገዱን ያቋርጣል። ሬድዋን አንድ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ያወራል፤ መጀመሪያ ምን እንደሚያስተካክል፣ ደጃችን ላይ ምን ዓይነት ዳስ እንደምንጥል። ዳገቱን ጀመርነው። መኪናው ጉልበት አገኘ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋው።

ከዚያ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ሬድዋን ወሬውን አቋረጠ። ሁለታችንም ዝም አልን፤ ዝም ካልነው የሚተወን ይመስል። ፉጨቱ ወፈረ፣ ወፍጮ እህል ሲያጣ እንደሚያደርገው ብረት ከብረት ተፋጨ፣ ኋላችን በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ። መኪናው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሬድዋን ቁልፉን መለስ አድርጎ ሞከረው። «ቀጭ» ብቻ አለ።

«ነከሰ» አለ ሬድዋን። ሞተሩ ተጣብቆ ደርቋል ማለቱ ነው።

ከአውድማው ገበሬዎች መጡ። መንሻቸውን ጥለው መኪናውን ገፍተው አዞሩልን። አንደኛው ሽማግሌ «አይዟችሁ፣ ብረት ነው፣ ይሠራል» አሉን። ሬድዋን «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብሏቸው ማርሹን ፎሌ አደረገው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የጎማው ድምፅ ብቻ እየተሰማ፣ ደብረ ታቦር ድረስ በቁልቁለቱ ተንሸራተትን። ያን ቀን በፎሌ መውረዱ ሞተሩን ምንም አልጎዳውም። የሚጎዳ ነገር አልቀረለትማ።

ግቢ ውስጥ ሬድዋን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሃል ከተተ። እኔ መኪናው ሥር ገባሁ። የዘይቱን መክፈቻ ስፈታው ገና የሁለት ቀን ዕድሜ ያለው ዘይት ግራጫ ሆኖ ወረደ። በጣቶቼ መሃል አሸሁት። ቆረቆረኝ። ወጥቼ የቱርቦውን ቀጭን ቱቦ ፈታሁት፤ መታጠፊያው ላይ እንደ ሊጥ የጠጠረ ግራጫ ነገር አለ። በጥፍሬ ቆንጥሬ አወጣሁት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የዘይት ሽታ አለው፣ ከሥሩ ግን የማውቀው ሽታ አለ፤ በየጠዋቱ ከምድጃችን የሚዛቀው።

ቀና ስል ከበርሜሉ አጠገብ ጠፍጣፋው ድንጋይ ታየኝ። አመዱ በተሰበረ ሳህን፣ ቃጫው በላዩ። ከድንጋዩ አለፍ ብሎ በሩ ላይ ዘቢባ ቆማለች፣ ስልኩ በእጇ፣ ሙሐዲን በውስጡ።

ሁሉ ገባኝ። ድስት ላይ የቀረ አመድ በውሃ ይለቀለቅና ያልቃል፤ ቀጭን ቱቦ መታጠፊያ ላይ የቀረ አመድ ግን ዘይቱ እያጠበ ወደ ዘንጉ ይወስደዋል። ልጇ እንዲቀርላት ጣቷ እስኪላጥ ፈትጋ፣ ሞተሩን የገደለችው እሷ ናት። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ሐሰን፣ ዘይቱን አፈሰስኸው?» አለ ሙሐዲን።

«አፈሰስሁት።»

«መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

ዘቢባ አየችኝ። በመዳፌ ያለውን ጨበጥኩት። «ጥቁር ነው» አልኩት።

«በጣትህ እሸው። ይቆረቁራል?»

«አይቆረቁርም።»

«እንግዲያ ዘይት አልደረሰውም ማለት ነው። ቱቦውን እየው፣ የተደፈነ ነገር አለ?»

«ሲሊኮን ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበዛሁት። ቀዳዳውን ደፍኖታል።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! ነግሬህ አልነበር ሐሰን? ነግሬህ ነበር እኮ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኮሎው፣ ያ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ፒስተኑም፣ ሁሉም ተፍቋልና ይህ ሞተር ከእንግዲህ አይሠራም አለ። ሌላ ሙሉ ሞተር ካልተገኘ በቀር አለቀለት አለ። ሌላ ሞተር እንደማይገኝ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ሬድዋን ከድንጋዩ ተነሳ። «አላልሁዎትም? አበዙት፣ ይጥረጉት አላልሁም?»

«ብለኸኛል።»

«ለምን አትሰማኝም ታዲያ?» አለና ጮኸ። «ለምን አንድ ቀን እንኳ አትሰማኝም? አንተ እኮ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነህ!» በሕይወቱ አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ራሱም ሰምቶት ደነገጠ፤ ግን አልመለሰውም፣ በሩን ገፍቶ ወጣ።

ዘቢባ ስልኩን ዘጋችው። ረጋ ብላ ወደ እኔ መጣች። «ልጄን የሸኘልኝ ያንተ እጅ ነው ሐሰን» አለችኝ። «አላህ ያየዋል።» ከዚያ ገብታ ምንጣፉን ስትጠቀልል፣ መጋረጃውን ስታወርድ በመስኮቱ አየኋት። ለምን እንዳወረደችው አላውቅም፤ ሞተሩ ወደ ቤት አይመለስም ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ሬድዋን ወጣ። አንዲት የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው የያዘው። እናቱ አንገቱ ሥር ገብታ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። እኔ የሞተውን ሞተር ዝም ብዬ እየፈታሁ ነበርና እጄ ዘይት ነበረው፤ የእጄን አንጓ ዘረጋሁለት። ያዘው፣ ቶሎ ለቀቀው። «ደህና ይሁኑ አባ» አለኝ። አንቱ ብሎኝ ሄደ።

ዘቢባ ከዚያ በኋላ አታናግረኝም። ወጥ ታቀርብልኛለች፣ ዞር ትላለች። ሰው ነኝና አንዳንዴ፣ በተለይ ጀርባዋን ስትሰጠኝ፣ እውነቱ አፌ ላይ ይመጣል። አንቺ ነሽ ልላት ይዳዳኛል። አንቺ ከነአመድሽ! ግን ከዚያስ? እኔን መጥላት ትችላለች፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያየችውን ሰው መጥላት ያን ያህል አይከብድም። ራሷን ከጠላች ማን ያነሳታል? እናም ሽሮውን በዝምታ እበላለሁ። በንዴት የምበላበት ቀንም አለ።

ሬድዋን አንድ ጊዜ ደወለ። ነፋስ ይሰማል፣ ከነፋሱ በስተጀርባ የሚንቦጫረቅ ውሃ። «እማ፣ ማታ እንሻገራለን» አላት። ስለ እኔ ጠየቃት፤ ደህና ነው አለችው፣ ስልኩን ግን አላቀበለችኝም። ዝናሽ አጠገባችን ነበረች። ቃሉን ስትሰማ የዘቢባን እጅ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚይዙ ሁለት ሴቶች ሆኑ።

ትናንት ጠዋት ዘቢባ አልጋ ሥር ገብታ የቱርቦውን ቅርፊት አወጣች። ከምንጣፉ ጋር ጠቅልላ አስቀምጣው ኖሯል። ጓሮ ወስዳ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችውና እጅጌዋን ሰበሰበች። እኔ የተፈታውን ብረት በጆንያ እየሰበሰብኩ ነበር።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ይዝጋል እኮ» አለችኝ። ልጁ ከሄደ ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። «ሌላ ሞተር ይገኝ ይሆናል። ሬድዋን ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው። አንተ እንደሆንክ ንጽሕና አታውቅ።»

ቃጫውን ነክራ ትፈትገው ጀመር። ጎንበስ ብላ፣ በየጠርዙ፣ በየቀዳዳው እየገባች፣ ልጅ እንደምታጥብ። ዝገቱ ለቀቀ፣ ብረቱ ማብራት ጀመረ። ሳህኑ ውስጥ የነበረው አመድ አለቀባት። ቀና ሳትል «አመድ አቀብለኝ» አለች።

ምድጃው ዘንድ ሄድኩ። በሁለት እፍኜ ሙሉ ዝቄ አመጣሁላት።